የገጠርን መልክና የጥንቱን ሕንጻ በፎቶግራፍ ስለ ማኖር

በ1898 ዓ.ም. በኤኖ ሊትማን የሚመራ የጀርመን ጓድ ወደ አክሱም መጥቶ ሐውልቶቹን በፎቶግራፍ ማንሣቱ የታወቀ ነው። ያን ጊዜ ወድቆ ከነበሩት አንዱ፥ ወደ 24 ሜትር የሚረዝመው፥ በፋሺስት ወረራ ዘመን ወደ ሮማ ተወስዶ በ1997 ዓ.ም. ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም.ም ቆመ። የቀድሞ አኳኋኑን የሚመሰክረው እንዲህ ያለው ፎቶግራፍ ነው።

ዛሬ የፎቶግራፍ መሣሪያ በየሰዉ እጅ ሳለ፥ በእግሩ ወደ ገጠር የሚወጣው ብዙውን ጊዜ የራሱን መልክ አንሥቶ ይመለሳል። የደብሩ ሣር ክዳን በቆርቆሮ ሲለወጥ፥ ጥዱም ሲቈረጥ፥ ምስክር አይገኝም።

ስለዚህ መንገደኛው ካህናቱን አስፈቅዶ ያንሣ፤ ቀኑንና የቦታውን ስም ይጻፍ። ካህናትም አንዱን ቅጂ ከደብሩ መዝገብ ጋር ያኑሩ፤ ሹማምንትም በየወረዳው ያሰባስቡ። ፎቶግራፍ ሕንጻውን ከመፍረስ አያድነውም፤ የሚያድሰው ሰው ግን የጥንቱን መልክ እንዳይስት ይመራዋል።