የሚነዝር ሁሉ አያድንም

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ የላከልኝ ቪዲዮ አናዶኛል። አንድ የጥንት ዕቃ ሰብሳቢ፣ በ1854 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት የተሰጠበትን የዴቪስና ኪደር የኮረንቲ ሳጥን ከፍቶ እጀታውን ያዞራል። ጓደኛው ሁለቱን የብረት መያዣዎች ጨብጦ ሲነዝረው ይጮኻል፤ ይሳሳቃሉ። እስከዚህ ደስ ይላል። ሳጥኑም ያምራል፤ የፈረስ ኮቴ የመሰለ ማግኔት፣ ፊቱ የሚሽከረከሩ የሽቦ ጥቅልሎች፣ ያለ ባትሪ በክንድ ጉልበት ብቻ የሚሠራ። መጨረሻ ላይ ግን ሰውዬው «ድሮ ሰው በዚህ ይድን ነበር» አለ።

ማን ዳነ?

ፈውስ ከሚቸበችቡ ሰዎች ጋር ያለኝን ጠብ የዚህ ዓምድ ደንበኞች ታውቃላችሁ። ሳጥኑ የተሸጠው ለነርቭ በሽታ ተብሎ ነው። ገላ ሲነዝር ሰው አንዳች ነገር የሠራለት ይመስለዋል፤ መድኃኒት ካልመረረ አያሽርም እንደምንለው።

ቤንጃሚን ፍራንክሊን ይህን ቀድሞ አይቶታል። ከፔንስልቬንያ ልዩ ልዩ አካባቢዎች ሽባ የሆኑ ሰዎች ኮረንቲ እንዲሰጣቸው ወደ እሱ ይመጡ ነበር። በ1757 ለሐኪሙ ለጆን ፕሪንግል እንደጻፈው፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሰለለው አካል ይሞቃል፣ ይንቀሳቀሳል፤ ከአምስተኛው ቀን በኋላ ለውጥ የለም። ሕመምተኞቹ ተስፋ ቆርጠው ይመለሳሉ፣ ብዙም ሳይቆዩ እንደነበሩ ይሆናሉ። የታየችው ጥቂት መሻሻልም፣ ሕመምተኞቹ ወደ እሱ ሲመላለሱ ሰውነታቸው ከመፍታታቱ፣ ወይም እድናለሁ ከማለት ተስፋ የመጣች ልትሆን እንደምትችል ጻፈ። በኮረንቲ ስሙን ያስጠራ ሰው ስለ ኮረንቲ እንዲህ መጻፉ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል።

«ዛሬስ ሆስፒታል በኮረንቲ ያክም የለ?» ትሉኝ ይሆናል። ያክማል፤ ተፈትኖ፣ ተለክቶ፣ ለታወቀ ሕመም። የሳጥኑ መጠን ግን የአዟሪው ፍጥነት ነበር።

ጨዋታውን አልጠላም። በ1746 ፈረንሳዊው አባ ኖሌ በንጉሥ ሉዊ 15ኛ ፊት 180 ወታደሮችን እጅ ለእጅ አያይዞ በአንድ ንዝረት አዘለላቸው። ቤተ መንግሥቱን ያስደሰተው ይኸው ሰው ነው እንግዲህ፣ ኢጣሊያ ውስጥ መድኃኒት በብርጭቆ ቱቦ ታሽጎ በኮረንቲ ወደ ገላ ይዘልቃል ሲባል በ1749 እዚያው ድረስ የሄደው። ባለቤቶቹን ጠየቀ፣ ሙከራውን ፊቱ እንዲደግሙለት ፈለገ፤ የተወራለትን ፈውስ አላገኘም። አላገኘሁም ብሎም ለዓለም አሳወቀ። ሰብሳቢው ስለ እሱም አንድ ቪዲዮ ቢሠራ፣ ለወዳጆቼ ሁሉ የምልከው እኔ ነኝ።