ለመጀመር ቀላል፣ ለመሸጥ ርካሽ?

«ቀላል ነው፣ ማንም ይችለዋል!» የኪሮሽ ትምህርት ሁሉ በዚህች ዓረፍተ ነገር ይጀምራል። በስልክ የምናያት አስተማሪም፣ በየወረዳው ሥልጠና የሚሰጠው ባለሙያም፣ የሰፈራችን ዳንቴል ሠሪም በአንድ አፍ ይህንኑ ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ቀላል ነው። ጠቤ ከዚህ ጋር አይደለም። ጠቤ «ለመጀመር ቀላል ነው» የሚለው ቃል ጥቂት መንገድ እንደ ተጓዘ «እንግዲያው ዋጋውም ቀላል ይሁን» ወደሚል ስለሚገለበጥ ነው። ገልባጮቹም፣ አንባቢዎች ሆይ አትቀየሙኝ፣ እኔና እናንተ ከተሜዎቹ ነን።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ኪሮሽም ዳንቴልም ከፈረንሳይኛ የመጡ ቃላት ናቸው፤ የመጀመሪያው ትንሽ መንጠቆ፣ ሁለተኛው ጠርዙ ጥርስ ጥርስ የሚመስል የክር ጌጥ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ሁለቱም ከለመዱ ቆይተዋል። ሸማኔ ያለ ዕቃው አይሸምንም። ጥልፍ ጠላፊ ያለ ጨርቅ አትጠልፍም። ሹራብ ሠሪ ሁለት ዘንግ ያስፈልጋታል፤ በዘንጉ ላይ ከተደረደሩት ቀለበቶች አንዷ ካመለጠች ደግሞ እስከ ታች ትተረተራለች። ኪሮሽ ግን አንድ መንጠቆና አንድ ጥቅል ክር ነው። መንጠቆው ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረው አንድ ቀለበት ብቻ ስለሆነ ጀማሪዋ ብትሳሳት ክሩን ስባ ትፈታውና ከስህተቷ በፊት ከነበረችበት ትቀጥላለች፤ ክሩም አይባክንም። ልጅ ሲያለቅስ አስቀምጦ መነሳት፣ ወጥ ሲንተከተክ አማስሎ መመለስ ይቻላል። ገንዘብ የሌላት፣ ቦታ የሌላት፣ ሙሉ ሰዓት የሌላት ሴት እጅ ውስጥ ከሌላው ሙያ ቀድሞ የሚገባው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ጀማሪዋ መጀመሪያ ምን ትሥራ? ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የፈረንጆቹ ትምህርት «ለጀማሪ ቀላል» ብሎ የሚያቀርበው የሱፍ የአንገት ልብስ ነው፤ ከዚያም የብርድ ቆብ። በረዶ ለሚዘንብበት አገር ሰው መልካም ነው። ይህንን እንዳለ ገልብጦ ሰሜን ወሎ፣ ቆቦ ላይ ማስተማር ግን ምን ይሉታል? «ቆብ ለቆቦ» ለቃላት ጨዋታ ያምር ይሆናል እንጂ ገዢ አያመጣም። ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በምሥራቅ በዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ ወደ ላስታ በሚወጣው ገደል መካከል በተዘረጋው የራያ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በግንቦትና በሰኔ ፀሐይ እዚያ ሜዳ ላይ ሰው የሚመኘው ጥላ ነው።

የኛው የቤት ትምህርትስ ይሻላል? አይሻልም። እኛ የምንጀምረው ከክቡ ዳንቴል ነው፤ የሶፋ ክንድ፣ የሬዲዮ፣ የቴሌቪዥን፣ የፍሪጅ ልብስ። አንድ ትውልድ ሙሉ የቤት ዕቃውን ዳንቴል አልብሶ ኖሯል፤ ከቴሌቪዥኑ በላይ ዳንቴል፣ ከዳንቴሉ በላይ የፕላስቲክ አበባ። አንድ ቀን ታዲያ ቴሌቪዥኑ ቀጠነና ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ዳንቴሉ የሚተኛበት ጀርባ አጣ። ይህ ለእናንተ ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ለሠሪዎቹ ግን የገበያ መዘጋት ነው። ለጠረጴዛውም በሜትር የሚሸጥ፣ ዳንቴል አስመስለው ያተሙት ፕላስቲክ መጣለት፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፣ መተኮስ የለ፣ በስታርች ማድረቅ የለ። ገበያው ጥሎ ሄደ፤ ትምህርቱ ግን እዚያው ቀረ።

ስለ ቆቦ ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ዝናብ በወቅቱ ሲመጣ፣ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ማሳውን ሲያጠጣ፣ የራያ ሜዳ የማሽላ ባሕር ነው። ዝናብ ሲቀር የሚሆነውን ደግሞ ወሎ በ1965 እና በ1966፣ እንደገናም በ1977 ዓ.ም አይቶታል። በሐምሌ 2013 ዓ.ም ጦርነቱ ቆቦ ገባ፤ በዚያው ዓመት ጳጉሜ ውስጥ በከተማዋ ሲቪሎች መገደላቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናልና ሂዩማን ራይትስ ዎች ዘግበዋል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም ጦርነቱ ተመልሶ መጣ። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሳ። ባል የሞተባት፣ ልጅ የጠፋባት፣ ቤት ብቻዋን የምታስተዳድር ሴት ከእንዲህ ያለው ዘመን በኋላ ምን እንደሚጠብቃት መገመት አያቅትም። መጀመሪያ የእርዳታ ስንዴ ይመጣል፤ ከስንዴው ቀጥሎ ሥልጠና። ለሴት ከሚመረጠው ሥልጠና መካከል ደግሞ የእጅ ሥራ አይጠፋም። ለምን ቢባል፣ «ቀላል ስለሆነ»!

እንዲህ ያለው ሥልጠና እንዴት እንደሚያልቅ የምታውቁት ነው። ለጥቂት ቀናት ይሰበሰባሉ፤ ለእያንዳንዷ አንድ ኪሮሽና ሁለት ጥቅል ክር ይታደላል፤ በመጨረሻው ቀን የምስክር ወረቀት ይዘው ባነር ሥር ተሰልፈው ፎቶ ይነሳሉ። ሪፖርቱም «ይህን ያህል ሴቶች የገቢ ምንጭ አግኝተዋል» ይላል። ኧረ ለመሆኑ ገቢው የት አለ? ሁለቱ ጥቅል ክር ያልቃል። ሦስተኛው ከየት በስንት እንደሚገዛ፣ የተሠራውን ማን እንደሚፈልገው፣ በስንት መሸጥ እንዳለበት በሥልጠናው ውስጥ አልነበረም። መንጠቆ አያያዝ ተምራለች፤ ዋጋ አያያዝ ማን አስተማራት?

አንድ ጊዜ ቆቦ ላይ፣ ከወልድያ ወደ አላማጣ የሚያልፉ መኪኖች ለምሳ በሚቆሙበት መንገድ ዳር፣ አንዲት እናት ነጫጭ ዳንቴሎች በላስቲክ ላይ ዘርግተው ተቀምጠው ነበር። አብሮን ከተሳፈረው አንዱ፣ ደህና የለበሰ ሰውዬ፣ የረከቦት ልብሱን አንስቶ አገላበጠና «እናቴ፣ ይቺ እኮ ክር ብቻ ናት!» አላቸው። እሳቸውም ቀና ሳይሉ፣ «ክሩንማ ከሱቅ ገዝቼው ነው የኔ ጌታ፤ ዓይኔን የሚከፍለኝ ማነው?» አሉት። ሳቀ። ካሉት ዋጋ ሲሶውን አስቀንሶ ገዛና መኪናው ውስጥ «አየሽ፣ በርካሽ!» እያለ ለሚስቱ አሳያት። እኔም እንደ ሌላው ተሳፋሪ «ይመችህ» ከማለት አልፌ የተናገርኩት አልነበረም፤ መናገር የነበረብኝን እነሆ አሁን እጽፋለሁ።

ስሌቱ የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። እንበል፣ ያ የረከቦት ልብስ 12 ሰዓት ፈጅቷል። እንበል፣ ክሩ 150 ብር ወጥቶበታል፤ ሰውዬው 250 ብር ከፈለ። ለሠሪዋ የቀረው 100 ብር ነው። ለ12 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 8 ብር ከጥቂት ሳንቲም። በዚያ ብር እዚያው ምሳ የበላንበት ቤት አንድ ስኒ ቡና አይጠጣበትም። ይህንን «መደራደር» እንለዋለን። ሐኪም ዘንድ «መድኃኒቱን ከፍያለሁ፤ ለምርመራህ ደግሞ ምን ልከፍልህ?» የሚል አለ? ልብስ ሰፊን እንኳ የጨርቁን ከፍለን የእጁን አንከለክልም። ዳንቴል ላይ ሲሆን ግን ክሩ ዕቃ፣ እጁ ምርቃት ይሆናል። ምክንያቱም ቀላል ነው ተብሏላ! ቁጭ ብላ፣ ወሬ እያወራች፣ ቡና እየጠጣች የምትሠራው ነዋ!

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለውን አንድ ነገር ልጨምር። ሹራብን መኪና ይሠራዋል። ጨርቅን መኪና ይሸምነዋል። ጥልፍንም መኪና ይጠልፋል። እውነተኛውን የኪሮሽ ሥራ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በፋብሪካ በብዛት የሚያመርት መኪና የለም፤ መኪናው የሚያወጣው አስመሳዩን ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ሱቆች ከውጭ መጥቶ የተሰቀለ እውነተኛ የኪሮሽ ቀሚስ ወይም ቦርሳ ካያችሁ፣ እያንዳንዷን ቀለበት የሆነ አገር የሆነ ሰው በጣቱ ስቧታል። ዕቃው እጅግ ርካሽ ከሆነ ያ ሰው አልተከፈለውም ማለት ነው። ከዚያ ዕቃ ጋር እያነጻጸርን የቆቦዋን ሴት «አንቺ ለምን ትወደጃለሽ?» እንላታለን።

«ከድሃ አገር ኪሮሽ ምን ይጠበቃል?» የሚል ካለ አየርላንድን ልጥቀስለት። እ.ኤ.አ. በ1845 ድንቹ በበሽታ መበስበስ ጀመረና ያ አገር በታሪኩ ወደ ከፋው ረሃብ ገባ። በኮርክ አቅራቢያ የነበሩ ደናግል መነኮሳት ለድሃ ልጃገረዶች ኪሮሽ አስተማሩ፤ በ1847 ደግሞ ክሎንስ በምትባል ትንሽ ከተማ ካሳንድራ ሃንድ የተባለች የቄስ ሚስት አስተማሪ አስመጥታ ሙያውን አስፋፋች። የዚያች ከተማ ሥራ እስከ ዛሬ በስሟ «የክሎንስ ዳንቴል» ተብሎ ይታወቃል። ልዩነቱ የት ላይ ነው? መንጠቆው ያው ነው፤ ረሃቡም ያው ነው። እነዚያ ግን ማስተማሩን ከመሸጡ አልለዩትም። አንዷ ጽጌረዳውን ብቻ፣ ሌላዋ ቅጠሉን ብቻ እየሠራች፣ በመጨረሻ አንዲት የበሰለች ባለሙያ ትገጣጥመዋለች፤ ጀማሪዋም ትንሿን ቅጠል ሠርታ ከሥራው ድርሻ አላት። ሥራው ለንደንና ፓሪስ ድረስ ተሸጠ። ሠሪዎቹ ሀብታም ሆኑ አልልም፤ አልሆኑም። ፋሽን ሲለወጥም ተጎድተዋል። ነገር ግን ሥራቸው ስምና ገዢ ነበረው።

ታዲያ ለራያ ቆላ ጀማሪ «ቀላል» የሚባለው ምን ይሁን? በበኩሌ ከመረብ ዘንቢል ይጀመር እላለሁ። የተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ሕጉ በየጉልቱ እስኪደርስ ጊዜ ይወስድ ይሆናል፤ ሽንኩርቱን ግን በአንድ ነገር መያዝ ግድ ነው፤ በቆቦ ጊራና ሸለቆ በመስኖ የሚመረተው ሽንኩርት ደግሞ ጥቂት አይደለም። መረቡ ከሰንሰለት የዘለለ ብዙ ጥበብ አይጠይቅም። ወፈር ባለ የጥጥ ክር 6 ሰንሰለት ሠርቶ ጫፉን ከጫፉ ገጥሞ ቀለበት ማድረግ ነው። በቀለበቱ ውስጥ እንደ ምሰሶ የቆሙ 12 ስፌቶች ማቆም፤ በሚቀጥለው ዙር በያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት አድርጎ 24 ማድረስ። ከዚያ በኋላ 5 ሰንሰለት፣ አንድ ማያያዣ፣ 5 ሰንሰለት፣ አንድ ማያያዣ እያሉ መዞር ነው፤ እያንዳንዱ ቅስት ከሥሩ ባለው ቅስት እምብርት ላይ ይያያዛል። የሚፈለገው ጥልቀት ሲደርስ በየቅስቱ ሁለት ሁለት ጥብቅ ስፌት እያስገቡ አፉን መሰብሰብ። ክሩ ወፍራም፣ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ከረከቦት ልብስ ይልቅ እጅግ ቶሎ ያልቃል፤ የሰዓቱ ዋጋም ስለዚህ ይሻላል።

ሁለተኛው የስኒና የጀበና ማስቀመጫ ነው፤ በማቶት ፋንታ የሚሆን፣ ደርቦ የተሠራ ክብ። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የሚያብረቀርቀው ሰው ሠራሽ ክር በትኩስ ጀበና ይቀልጣል፤ ጥጥ አይቀልጥም። ሥልጠናዎቹ የሚያድሉት ክር ግን ብዙ ጊዜ ያንኑ የሚያብረቀርቀውን ነው፤ ርካሽ ስለሆነ። ሦስተኛው የፀጉር ማሰሪያ። በነሐሴ አጋማሽ የራያ ቆቦ ልጃገረዶች ሶለል ሲጫወቱ የማይዋቡበት ነገር የለም፤ ከአዲስ አበባ ተጭኖ ከሚሄድ የፕላስቲክ ጌጥ ይልቅ እዚያው የተሠራ ቢያስሩ ማን ይጎዳል?

«የቆቦ ችግር ሰላምና ውኃ ነው፤ አንተ ስለ ክር ታወራለህ» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ብሏል። የከርሰ ምድር ውኃና የተከፈተ መንገድ ከአንድ ሺህ ኪሮሽ ይበልጣሉ፤ መንገዱ ሲዘጋ ዘንቢሉም አይሸጥም። ስለዚህ ኪሮሽ የኑሮ መፍትሔ ነው ብሎ የሚሰብክን ሰው እኔም አላምነውም። ሴትን ቤት አስቀምጦ «ሥራ ሰጠናት» ማለትም ሌላው ማታለያ ነው። ሌሎች ደግሞ «ቢያንስ ሐዘኗን ታስረሳለች» ይላሉ። ትርሳ፤ ማን ከለከላት። ግን ማስረሻ ከሆነ ማስረሻ በሉት፤ ሪፖርት ላይ «የገቢ ምንጭ» ብላችሁ አትጻፉት። የገቢ ምንጭ ካላችሁት ደግሞ ከመንጠቆው ጋር የክር ሱቅ አድራሻ፣ የሰዓት መቁጠሪያና ገዢ ይዛችሁ ኑ።

ገዢው፣ እንግዲህ፣ እናንተ ናችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ መንገድ ዳር ዳንቴል ስታነሱ «ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ስንት ሰዓት ፈጀ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ከሰማችሁ በኋላ ቀንሺ ማለት ከቻላችሁ ቀንሺ በሉ።

ዘንቢሉን ለመጀመር ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ እጀታውን በሰንሰለት ብቻ አትተዉት፤ በጥብቅ ስፌት አራት ወይም አምስት ረድፍ ደርቡበት። ሽንኩርት ይከብዳል።