«ስኳር የለውም» ማለት «ለልጅ ይሆናል» ማለት ነው?

ሰቶ ሰመሮም ይሁን አጋሮ፣ ተማሪ ሲለቀቅ ሱቅ ደጅ ያለው ትዕይንት አንድ ነው። ልጆች በያዟት ብር ከረሜላ፣ ማስቲካ፣ የዱቄት ጁስ ወይም በላስቲክ የተቋጠረ ባለቀለም በረዶ ይገዛሉ። ወላጅ ቢጠይቅ የሚጠይቀው «ስኳር አለው ወይ?» ብሎ ነው። ዛሬ እኛ ሁለተኛውን ጥያቄ እናንሳ፦ ስኳር ከሌለው፣ ምንድን ነው ታዲያ ያጣፈጠው?

ብዙውን ጊዜ መልሱ ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ነው። ሳካሪን፣ አስፓርቴም፣ ሳይክላሜት፣ ሱክራሎዝና አሲሰልፌም ኬ ከሚባሉት አንዱ፣ ወይም ሁለት ሦስቱ አንድ ላይ።

ለምን አሁን?

አንደኛው ምክንያት ዋጋ ነው። ስኳር ጠፍቶ በቀበሌና በሸማቾች ሱቅ የተሰለፍንበትን ጊዜ ማን ይረሳዋል? አርጆ ዲዴሳ ስኳር ፋብሪካ ከኛ ብዙም ሳይርቅ፣ ጅማ ውስጥ ለቡና የሚሆን ስኳር ፍለጋ የዞረ ሰው ብዙ ነው።

አሁን ሒሳቡን እዩት። ሳካሪን ከስኳር 300 እጥፍ ገደማ ይጣፍጣል። የ1 ኪሎ ስኳርን ጣዕም ለማምጣት ከ3 ግራም ትንሽ የሚበልጥ ሳካሪን ይበቃል ማለት ነው። ስኳር በተወደደ ቁጥር ለልጅ የሚሸጠውን ርካሽ ነገር በምን ማጣፈጥ እንደሚያዋጣ ለመገመት ነጋዴ መሆን አያስፈልግም።

ካንሰር ያመጣል የሚባለውስ?

ሐምሌ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አስፓርቴምን «በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚባሉት ምድብ ውስጥ አስገባው። ዜናው ሶሻል ሚዲያውን አጥለቀለቀው። «መርዝ ነው» ያለውም ብዙ ነው።

ለጅማ ሰው ይህን ምድብ በቀላሉ ማስረዳት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1991 ይኸው ተቋም ቡናን ከፊኛ ካንሰር ጋር አያይዞ እዚያው ምድብ ውስጥ አስገብቶት ነበር። በ2016 ማስረጃውን እንደገና አይቶ አወጣው። ምድቡ የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ነው እንጂ ነገሩ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ አይደለም። የአስፓርቴም ማስረጃ ደግሞ «ውሱን» ነው የተባለው።

በዚያው ቀን ሌላው የባለሙያዎች ኮሚቴ የቆየውን የመጠን ገደብ አጸና፦ በቀን ለ1 ኪሎ የሰውነት ክብደት 40 ሚሊግራም። ስለዚህ «መርዝ ነው» የሚለው ወሬ ልክ አይደለም። ግን ከዚህ ተነስቶ «ልጁ እንደልቡ ይጠጣ» ማለትም ልክ አይደለም። ለምን? ገደቡ የሚሰላው በክብደት ነዋ!

የልጅ ኪሎና የአዋቂ ኪሎ

70 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ የአስፓርቴምን ገደብ ለማለፍ፣ በአንድ ጣሳ ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም ያለበት ለስላሳ በቀን ከ9 እስከ 14 ጣሳ መጠጣት አለበት። ይህን ማን ይጠጣል? 20 ኪሎ ለሆነ ልጅ ግን ገደቡ 800 ሚሊግራም ነው። በዚሁ ስሌት ከ3 እስከ 4 ጣሳ ይበቃዋል። ሠርግና በዓል ላይ ልጆች ስንት እንደሚጠጡ አይተናል።

ሳካሪን ላይ ደግሞ ገደቡ ይጠብቃል። ዓለም አቀፉ ኮሚቴ ያስቀመጠው ለ1 ኪሎ ክብደት 5 ሚሊግራም ነው (የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2024 ወደ 9 ከፍ አድርጎታል)። 15 ኪሎ ላለው ሕፃን 5ቱን ብንወስድ በቀን 75 ሚሊግራም ይመጣል። ይህ በጣዕም ከ22 ግራም ስኳር ጋር እኩል ነው፤ አምስት የሻይ ማንኪያ ገደማ መሆኑ ነው። በሳካሪን ብቻ የጣፈጠ አንድ ጠርሙስ መጠጥ ገደቡን ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ እንዳንደናገጥ። ገደቡ ዕድሜ ልክ በየቀኑ ቢወሰድ ችግር አያመጣም ተብሎ፣ ሰፊ የጥንቃቄ ርቀት ተትቶለት የተቀመጠ ነው። አንድ ቀን ያለፈ ልጅ አይታመምም። የሚያሳስበው የየቀኑ ልማድ ነው፤ በተለይ ደግሞ መጠኑ የማይታወቀው። ፋብሪካ ያሸገው ዕቃ ቢያንስ የይዘት ዝርዝር አለው። ጽሑፍ በሌለው ላስቲክ ውስጥ ያለውን በረዶ ግን ምን እንዳጣፈጠው፣ በማንኪያ ይሁን በእፍኝ፣ የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው።

ከስኳር አይሻልም ወይ?

ይሄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ 641 ሕፃናት ላይ ለ18 ወር የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ነበር። ግማሾቹ በየቀኑ አንድ ስኳር ያለው መጠጥ፣ ግማሾቹ ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ያለው ተሰጣቸው። የሁለተኛዎቹ ክብደት የጨመረው በ1 ኪሎ ገደማ ባነሰ መጠን ነው። ጥርስንም እንደ ስኳር አያበሰብሱም። ጥቅም አለ፣ አንክድም።

ልብ በሉ ግን፤ ውድድሩ ከስኳር ጋር ነበር እንጂ ከውኃ ጋር አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት 283 ጥናቶችን አስገምግሞ ግንቦት 2015 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ እነዚህን ማጣፈጫዎች ክብደት ለመቆጣጠር ብሎ መጠቀምን አልመከረም። በአዋቂዎች ላይ የረጅም ጊዜ አጠቃቀም ከዓይነት 2 ስኳር በሽታና ከልብ ሕመም ጋር አብሮ ታይቷል። መንስኤው ማጣፈጫው ራሱ ስለመሆኑ ግን ገና አልተረጋገጠም፤ ምክሩም በዚህ ምክንያት ቅድመ ሁኔታ ያለው ነው። የስኳር ሕሙማንንም አይመለከትም።

ለኛ አገር የሚብሰው

የአውሮፓ ጥናት የሚጨነቀው ስለወፈረ ልጅ ነው። የኛ ዋና ጭንቀት ሌላ ነው። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከ5 ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶው ቀንጭረዋል። ይህን በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ነው የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተገባው።

ለእንደዚህ ያለ ልጅ ስኳር አልባ መጠጥ ምን ይሰጠዋል? ኃይል የለው፣ ፕሮቲን የለው። ሆድ ይነፋል፣ የወተቱንና የምሳውን ቦታ ይይዛል። ምላሱም ኃይለኛ ጣፋጭ ይለምድና አቮካዶውና ሙዙ አልጥም ይለዋል። በቆንጆ አቮካዶ የምትታወቅ ጅማ ላይ ይሄ ያሳዝናል።

«በማር እንተካዋ!» የሚል አይጠፋም። ማርም ስኳር ነው። 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ጭራሽ አይሰጥም።

ማን ምን ያድርግ?

ቺሊ እ.ኤ.አ. በ2016 ስኳር የበዛበት ምግብ ላይ ጥቁር ምልክት አስለጠፈች። አምራቾች ስኳሩን ሲቀንሱ የማጣፈጫው አጠቃቀም ጨመረ። ሜክሲኮ በ2020 «ማጣፈጫ አለው፣ ለልጆች አይመከርም» የሚል ጽሑፍ ጨመረች። የአውሮፓ ኅብረት ለጨቅላዎችና ለትንንሽ ሕፃናት በሚዘጋጅ ምግብ ውስጥ እንዳይገባ ከልክሏል።

እኛም አገር ቢፈለግ ይቻላል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ሲያስወጣ አይተናል። ለልጆች በሚሸጥ ዕቃ ፊት ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አንድ መስመር ማስጻፍ ከዚያ አይከብድም። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ ነው።

እስከዚያው ግን ስልካችሁ እጃችሁ ላይ ነው፦

– የዕቃውን ጀርባ ፎቶ አንሡና ጽሑፉን አጉሉት። 950፣ 951፣ 952፣ 954 እና 955 የሚሉ ቁጥሮች የማጣፈጫዎቹ መለያ ናቸው።
– አምራቹ፣ ይዘቱና የሚያበቃበት ቀን ያልተጻፈበትን ለልጅ አትግዙ። የሚያጠራጥር ካያችሁ በባለሥልጣኑ ነፃ መስመር 8482 ጠቁሙ።
– ፌኒልኬቶኑሪያ የሚባለው በዘር የሚተላለፍ ችግር ያለበት ልጅ አስፓርቴም ፈጽሞ አይውሰድ።
– ታናናሾቻችሁን ወደ ትምህርት ቤት ስትሸኙ ውኃና አንድ ሙዝ ቦርሳቸው ውስጥ ክተቱ።

ከረሜላ የበላ ልጅ አይሞትም፣ ማንንም ለማስፈራራት አልተነሣንም። ግን ልጁ በየቀኑ የሚገዛው ነገር ውስጥ ምን እንዳለ የማወቅ መብት አለን። ጽሑፉን ልጅ ላለው ሰው አጋሩት፤ ሰፈራችሁ ሱቅ ያገኛችሁትንም ኮመንት ላይ ጻፉልን።