ከስደተኛ ልጅ ስለሚሸሸግ መርዶ

አምባ ጊዮርጊስ ላይ እናት አልጋ በያዘች ጊዜ፣ አሜሪካ ያለው ልጅ ደውሎ «እናቴን አገናኙኝ» ሲል፣ ከቤተ ዘመዱ አንዱ ስልኩን ይዞ ወደ ደጅ ይወጣና «ደኅና ናት፤ ቅዳሴ ሄዳለች» ይለዋል፤ በማግሥቱ ለቅሶ ቤት፣ በሣልስቱ ደግሞ ጠበል ሄዳለች ይባላል። ደኅና ናት የተባለችው እናት ዐርፋ፣ ፍትሐት ተደርጎላት፣ ዐርባዋም ከወጣ በኋላ፣ እዚያው አሜሪካ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድርያ የሚኖሩ ወዳጆቹ ካህን ይዘው፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ልጁ ለሥራ ሳይወጣ ደጁን ያንኳኳሉ።

ይህ ልማድ ከርኅራኄ የመነጨ መሆኑን አልክድም፤ ፍጻሜው ግን ጭካኔ ነውና ሊቀር ይገባዋል እላለሁ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጎንደር ወጣት በመተማ በኩል በእግሩ ተጉዞ ገዳሪፍ ሲገባ፣ በመጋቢት 1972 ዓ.ም. የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ከወጣ በኋላም ከሱዳን ወደ አሜሪካ ሲሻገር፣ በሰው እጅ የሚላክ ደብዳቤ ወራት ይፈጅ ነበርና መርዶው ቢዘገይ የሚወቀስ አልነበረም፤ ዛሬ በዲቪ የሄደው ልጅ ድምፁ በየቀኑ እቤት እየተሰማ፣ ዝምታው ተመክሮበት የሚደረግ ሆኗል። አየርላንዳውያን በ1845 እ.ኤ.አ. ድንቻቸውን በሽታ መትቶት ጽኑ ረኃብ በገባባቸው ዘመንና ከዚያም በኋላ፣ ወደ አሜሪካ የሚሄደውን ልጅ ዳግመኛ በሥጋ እንዳያዩት ስለሚሰጉ፣ ለሞተ ሰው እንደሚያደርጉት ሁሉ ሌሊቱን አብረውት አድረው፣ ሲነጋ አልቅሰው ይሸኙት ነበር። እነርሱ ለሕያው ልጅ አስቀድመው ሲያለቅሱ፣ እኛ የሞተችውን እናት ከልጇ እንሸሽጋለን።

በኦሪት ዘፍጥረት እንደ ተጻፈ፣ በምድረ ግብፅ የተሾመው ዮሴፍ የአባቱ የያዕቆብ ሕመም ተነግሮት፣ ምናሴንና ኤፍሬምን ይዞ በጊዜው ስለ ደረሰ ልጆቹ በአያታቸው እጅ ተባረኩ፤ ነጋሪው አዝኖለት ዝም ቢል ኖሮ ያ በረከት በቀረ ነበር። የእኛም ልጅ ለሰማንያው የሚልከው ዶላር የእናቱን ምርቃት አይመልስለትም።

«ብቻውን ነው፤ ቢሰማ አንድ ነገር ይሆናል» የሚለው ሥጋት እውነት አለው፤ ስለዚህ ቤተ ዘመዱ አስቀድሞ ለነፍስ አባቱ ወይም ለቅርብ ወዳጁ ይንገርና፣ እርሱ አጠገቡ ሳለ ሕመሟን ያስታውቀው። ወረቀት ያለው ከዋሽንግተን በአዲስ አበባ አድርጎ ጎንደር ለመግባት ሁለት ቀን አይሞላበትም። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተፈረደለት መምጣት ባይችል እንኳ፣ እናት አፏ ሳይያዝ ስልኩን ስጧት።