ስህተቱን የማይናገር ሥርዓት የተሟላ መመሪያ ያሻዋል

በቴሌግራም ቻናሎችና በድረ ገጾች የሚወጡ የአማርኛ ጽሑፎችን የሚከታተል አንባቢ፣ ከቃላት ግራና ቀኝ ያለ ሥራ የቀሩ የኮከብ ምልክቶችን ሳያይ አይቀርም። ጸሐፊው ቃሉን ሊያደምቅ አስቦ ያስገባቸው፣ አለዚያም ከሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ተገልብጠው የመጡ ናቸው። የማርክዳውን ምልክቶች ይባላሉ። ማርክዳውን በማንኛውም የቁልፍ ሰሌዳ ላይ በሚገኙ ተራ ምልክቶች ብቻ ርዕስን፣ ዝርዝርንና ደማቅ ጽሑፍን ለመለየት የሚያስችል ቀላል የአጻጻፍ ሥርዓት ነው። አሜሪካዊው ጆን ግሩበር በአሮን ስዋርትዝ እገዛ እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ አደረገው። የሥርዓቱ ዋና ሐሳብ፣ ጽሑፉ በሶፍትዌር ተቀይሮ ከመታየቱ በፊትም ቢሆን እንዳለ መነበብ አለበት የሚል ነው። ሐሳቡ መልካም ስለነበር ዛሬ የፕሮግራም ባለሙያዎች ሰነድ፣ የተማሪዎች ማስታወሻና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መልስ ሳይቀር በዚሁ ይጻፋል። ጸሐፊዎችን የሚያስቸግረው፣ በእኔ እምነት፣ የሥርዓቱ ምልክቶች መብዛት ወይም መክበድ ሳይሆን ስለ ምልክቶቹ የሚጻፉት መመሪያዎች ጎደሎ መሆን ነው።

የመመሪያው ጉዳይ እዚህ ላይ ከሌላው ሶፍትዌር ሁሉ የሚከብድበት ምክንያት አለ። በፓይተን ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው አንድ ቅንፍ መዝጋት ቢረሳ ኮምፒዩተሩ ሥራውን አቁሞ ስህተቱ በስንተኛው መስመር ላይ እንዳለ ይነግረዋል። ማርክዳውን ግን የስህተት መልእክት የለውም። በሥርዓቱ ደንብ ማንኛውም ጽሑፍ ትክክለኛ ማርክዳውን ነው፤ ደንቡን ያልጠበቀ ምልክት እንደ ተራ ጽሑፍ ይቆጠርና ባለበት ይቀራል፣ ወይም ጸሐፊው ያላሰበውን መልክ ይይዛል። መሣሪያው ራሱ የማያስተምር ከሆነ ደግሞ ጸሐፊው የሚማርበት ብቸኛ ቦታ መመሪያው ነው። በብዛት የምናገኛቸው መመሪያዎች ግን በአንድ በኩል ምልክቱን፣ በሌላ በኩል ያማረ ውጤቱን የሚያሳዩ የአንድ ገጽ ሠንጠረዦች ናቸው። የሚሠራውን ያሳያሉ፤ መቼ እንደማይሠራና ለምን እንደማይሠራ አይናገሩም።

ይህ ጉድለት ምን እንደሚያስከትል የሥርዓቱ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ግሩበር ሥርዓቱን ሲያወጣ አንድ የአጻጻፍ ማብራሪያና በፐርል ቋንቋ የተጻፈ አንድ ፕሮግራም አብሮ አቀረበ። ማብራሪያው ለማንበብ የሚጋብዝ ቢሆንም ብዙ ጥያቄዎችን ክፍት ትቷል። በዝርዝር ውስጥ ሌላ ዝርዝር ለማስገባት ስንት ክፍት ቦታ ያስፈልጋል? ከርዕስ ምልክቱ (#) በኋላ ክፍት ቦታ መተው ግዴታ ነው? ሥርዓቱን ወደየራሳቸው ፕሮግራም የወሰዱ ባለሙያዎች ለነዚህ ጥያቄዎች የየራሳቸውን መልስ ሰጡ፤ አንዱ ጽሑፍም በአንዱ ድረ ገጽ አምሮ፣ በሌላው ተበላሽቶ መታየት ጀመረ። በ2014 በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና መምህር የሆነው ጆን ማክፋርሌን ከፕሮግራም ባለሙያው ጄፍ አትዉድና ከሌሎች ጋር ሆኖ ኮመንማርክ የተባለውን ዝርዝር ድንጋጌ አወጣ። የዚህ ሰነድ ጥንካሬ በርዝመቱ አይለካም። ከ600 በላይ ምሳሌዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ምሳሌ የተጻፈውንና ሊወጣ የሚገባውን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፣ በፕሮግራምም ይፈተናል። በመመሪያው የተባለውና ሶፍትዌሩ የሚያደርገው ቢለያዩ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። የፕሮግራም ኮድ ማጋሪያ መድረኩ ጊትሀብም በ2017 የራሱን ድንጋጌ ያወጣው በዚህ መሠረት ላይ ነው።

የአማርኛ ጸሐፊ ግን ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላም የተረሳ ነው። አጫጭሮቹ መመሪያዎች ቃልን ጋደል ለማድረግ የኮከብ ምልክትም (*) ሆነ የታች ሰረዝ (_) እኩል ያገለግላሉ ይላሉ። ቃል በክፍት ቦታ በሚያበቃበት በእንግሊዝኛ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ያስኬዳል። በአማርኛ ግን «ን»፣ «ም» እና «ና» ከቃሉ ጋር ተጣብቀው ይጻፋሉ። በኮመንማርክ ደንብ የታች ሰረዝ በቃል መካከል አጽንዖት መክፈትም መዝጋትም አይችልም፤ የተከለከለውም በውስጣቸው ሰረዝ ያላቸው ቃላት ሳይታሰብ እንዳይጋደሉ ነው። ስለዚህ _መጽሐፍ_ን ብሎ የጻፈ ሰው ሰረዞቹ እንዳሉ ይቀሩበታል፤ *መጽሐፍ*ን ያለው ይሳካለታል። ትምህርተ ጥቅስ ሲጨመር ችግሩ ይብሳል። **«አዲስ ዘመን»**ን ብለን ብንጽፍ ኮከቦቹ ሥራቸውን አይሠሩም፤ ምክንያቱም ከፊታቸው ሥርዓተ ነጥብ፣ ከኋላቸው ደግሞ ፊደል ካለ ደንቡ እንደ መዝጊያ አይቆጥራቸውም። ከጥቅሱ በፊት «የ» ወይም «በ» ሲገባ የመክፈቻዎቹ ኮከቦች ተመሳሳይ ዕጣ ይገጥማቸዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ኮከቦቹን ወደ ጥቅሱ ውስጥ አስገብቶ «**አዲስ ዘመን**»ን ብሎ መጻፍ ይበቃል። በቻይንኛና በጃፓንኛ የሚጽፉ ሰዎችም በቃላት መካከል ክፍት ቦታ ስለማይተዉ ተመሳሳይ ችግር ገጥሟቸዋል። በ፩ እና በ፪ ወይም በሀ እና በለ የሚጀምር ዝርዝርም እንደ ዝርዝር አይታወቅም፤ ደንቡ የሚያውቀው 1፣ 2፣ 3 የሚባሉትን አኃዞች ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ለማስረዳት አንድ አንቀጽ በቂ ነው፤ አንቀጹ ግን በተለመዱት መመሪያዎች ውስጥ የለም።

ሥርዓቱ የተወደደው በቅለቱ ስለሆነ ረጅም መመሪያ ቅለቱን ያጠፋዋል የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ለጀማሪው አንድ ገጽ፣ ለተቸገረው ደግሞ ዝርዝር ማብራሪያ ማዘጋጀት እርስ በርስ አይጋጭም። ጀማሪው የማያስፈልገውን እንዲያነብ የሚያስገድደው የለም፤ የተቸገረው ግን የሚሄድበት ሊኖረው ይገባል። ሌሎች ደግሞ ማድመቂያ ቁልፍ ባለበት ዘመን ምልክቱን ማን ያጠናል ይላሉ። ቁልፉ የሚሠራው በራሱ መተግበሪያ ውስጥ ብቻ ነው። በዋትስአፕ አንድ ኮከብ ቃልን ያደምቃል፤ በቴሌግራም ለማድመቅ ሁለት ኮከብ ያስፈልጋል፤ በኮመንማርክ ደግሞ አንድ ኮከብ ቃልን ያጋድላል። ጽሑፉ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ልዩነቱን ሊያስረዳ የሚችለው መመሪያ ብቻ ነው። የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያም ቢሆን እነዚሁኑ ምልክቶች ስለሚጠቀም ከችግሩ አያወጣንም።

ከሁሉም የሚከብደው መቃወሚያ የግሩበር ወገን የሚያነሳው ነው፤ የተለያየ ሥራ የተለያየ ደንብ ስለሚፈልግ አንድ መለኪያ መጫን አይገባም ይላል። ኮመንማርክም መጀመሪያ «መደበኛ ማርክዳውን» የሚል ስም ይዞ ወጥቶ ስሙን የለወጠው በግሩበር ተቃውሞ ነው። በዚህ ነጥብ ከእርሱ ጋር መስማማት ይቻላል። ልዩነት ይኑር፤ ግን ይነገር። በ2016 ማርክዳውን በኢንተርኔት የሰነድ ዓይነቶች መዝገብ ሲገባ፣ የትኛው ዓይነት ማርክዳውን እንደሆነ የሚገለጽበት ቦታ አብሮ ተበጅቶለታል። መመሪያዎችም ከዚህ ያነሰ ሊያደርጉ አይገባም።

እንግዲህ የሚጠየቀው ግልጽ ነው። ማንኛውም መመሪያ የትኛውን ዓይነት እንደሚያስተምር በመጀመሪያው መስመር ይናገር፤ የሚሠራውን ምሳሌ ከማይሠራው ጋር ጎን ለጎን ያሳይ፤ ምሳሌዎቹም ሶፍትዌሩ በተቀየረ ቁጥር በፕሮግራም ይፈተኑ። የኮመንማርክ ድንጋጌ መተርጎምንና ማሻሻልን በሚፈቅድ ፈቃድ የወጣ ስለሆነ የአማርኛ ምሳሌዎችን አክሎ ማዘጋጀት የማንንም በጎ ፈቃድ አይጠብቅም። የዩኒቨርሲቲዎቻችን የኮምፒዩተርና የቋንቋ ክፍሎች አብረው ቢሠሩት ተማሪዎቻቸው የሚማሩበት፣ የዜና ክፍሎችም በየቀኑ የሚጠቀሙበት ሥራ ይሆናል። ዛሬ ኮከቦቹ አልሠራ ሲሉ ጸሐፊው ጥፋቱን በራሱ ላይ ይቆጥርና ማድመቁን ይተዋል። ጥፋቱ የእርሱ አለመሆኑን ማወቅ የሚችለው መመሪያው የቋንቋውን ጠባይ ሲያውቅ ነው፤ ይህም ለጸሐፊው የሚደረግ ውለታ ሳይሆን መሣሪያውን ያቀረበለት ወገን ግዴታ ነው።