ስለ ቢቢታ እንቍራሪትና ስለ ፎገራ ረግረግ

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቢቢታ የሚባል ደን የለበሰ ተራራ አለ። በ2011 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2019) ሳንድራ ጉት፣ ሃኮቦ ሬየስ ቬላስኮና ስቴፋን ቧሲኖ የተባሉ ሊቃውንት ከዚያ ተራራ ያገኟትን፣ እስከዚያ ድረስ በማናቸውም መጽሐፍ ያልተመዘገበች እንቍራሪት ለዓለም አስታወቁ፤ በተራራውም ስም ፍሪኖባትራኩስ ቢቢታ አሏት። ወንዱ ወደ 17፣ ሴቲቱ ወደ 20 ሚሊሜትር ናቸው፤ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም አይበልጡም።

ስለዚህች ታናሽ ፍጥረት ይህን ያህል መድከም ምን ይጠቅማል የሚል አይጠፋም፤ እንዲያውም እንቍራሪት ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው በኦሪት ዘፀአት ግብጽን የሞላውን ጓጕንቸር ብቻ ነው። ነገር ግን በኦሪት ዘፍጥረት ለእንስሳት ሁሉ ስም የማውጣት ሥራ ለአዳም የተሰጠ መሆኑን ካህናት አባቶቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ፤ ይህም ሥራ ገና አላለቀም።

አዲስ ወገን ተገኘ ለማለት ዓይቶ መፍረድ አይበቃም። ሊቃውንቱ የቢቢታን እንቍራሪት ቁመት ለኩ፤ የእግሯንና የጣቶቿን መርዘም፣ የመልኳን ወርቅማነት፣ የጆሮዋ ታምቡር ፈጽሞ የተሰወረ መሆኑን ጻፉ። ከዚህም በኋላ ዲ ኤን ኤ የሚባለውን፣ በሥጋዋ ውስጥ ያለውን የዘር ጽሕፈት መረመሩ። በመልክ ሚኑቱስ የምትባለውን ኢትዮጵያዊት ድንክ እንቍራሪት ትመስላለች፤ የዘሯ ጽሕፈት ግን ናታሌንሲስ ወደምትባለው ወገን የቀረበ ሆኖ ተገኘ። ዓይን ብቻውን ዳኛ ቢሆን ኖሮ ፍርዱ በተጣመመ ነበር።

ቢቢታ ከወረታ እጅግ ሩቅ ነው፤ ፎገራም ሜዳ እንጂ ደን አይደለም። ይሁን እንጂ ነገሩ ለአገሩ ባዕድ አይደለም፤ የጣና ነጭ ዓሣ ምስክር ነው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1973 ባኒስተር የተባለ የእንግሊዝ ሊቅ የሐይቁን ታላላቅ ነጭ ዓሦች አንድ ወገን አድርጎ ቈጥሯቸው ነበር። በ1997 ግን ናገልከርከና ሲቢንግ የተባሉ የሆላንድ ሊቃውንት እነዚያ ከ10 የሚበልጡ ልዩ ልዩ ወገኖች መሆናቸውን ገለጡ። ከእነርሱም በርካቶቹ በክረምት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወጥተው ዕንቍላላቸውን ይጥላሉ። በየጾሙ ስንበላው የኖርነው ዓሣ እንዲህ ተሰውሮን ከኖረ፣ የማንበላውማ እንዴት ይሆን?

ፎገራ ዛሬ የሩዝ አገር ነው። ሩዝ በደርግ ዘመን ገብቶ የብዙውን ገበሬ ቤት አቅንቷል፤ በወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሟል። እኛም ሩዙ ይቅር አንልም። ነገር ግን ሸሸርና ወላላ የተባሉት ረግረጎች እየተንጣፈፉና እየታረሱ እጅግ ጠበዋል። በሩዙ ማሳ ውስጥም እንቍራሪት ይጮኻልና ምን ጐደለ ቢባል፣ ማሳ በየጊዜው ይታረሳል፣ መድኃኒትም ይረጭበታል፤ እንቍራሪት ደግሞ ውሃውንም መርዙንም በቆዳዋ የምትመጥ ፍጥረት ናት። ሰብል የሚያጠፋውን ተባይ ከሚለቅሙትም አንዷ እርሷ ናት፤ ስለዚህ ጕዳቷ ለገበሬው ጕዳት ነው።

እንግዲህ የምንለምነው ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነገር ነው። የወረዳና የዞን ሹማምንት አንድ ረግረግ እንዲታረስ ከመፍቀዳቸው በፊት በውስጡ ያለው ፍጥረት አንድ ክረምት እንኳ ይቈጠር። ወንዱ እንቍራሪት በዝናም ወራት ሌሊት ሴቲቱን ይጠራል፤ የየወገኑም ድምፅ ልዩ ስለ ሆነ፣ ድምፁን በስልክ መቅዳት ለምርመራው መጀመሪያ ይሆናል። ለዚህ የባሕር ዳርና የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች በቂ ናቸው። በ2021 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የኢትዮጵያ ደጋ የሣር እንቍራሪቶች እንደ ገና ተመርምረው አዲስ ወገኖች በተጻፉ ጊዜ፣ ከጸሐፊዎቹ አንዱ አበጀ ካሴ የተባለ ኢትዮጵያዊ ነበረ፤ ቍጥራቸው እንዲበዛ ማድረግ የመንግሥት ፈንታ ነው። ለምስክር የሚያዘውም ናሙና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዘክር ይቀመጥ፤ የልጅ ልጆቻችን የአገራቸውን እንቍራሪት ለማየት ባሕር እንዳይሻገሩ።

የደቡብ ጐንደር አድባራትና ገዳማት አለቆችም፣ ሌላው አገር ሲራቈት ደናቸውን ጠብቀው ያቈዩ ናቸውና፣ ቈጣሪዎቹ በመጡ ጊዜ የደጀ ሰላሙን በር ከፍተው ምንጩንና ጅረቱን ቢያሳዩአቸው፣ በተለይም በሰኔና በሐምሌ ሌሊት ቢያሳድሩአቸው፣ ሥራው ሳይዘገይ ይጀመራል።