ስማችሁን ለዘመድ አታውሱ

እኩዮቼ፣ ጡረታ የወጣችሁም፣ ሱቁን ለልጅ የለቀቃችሁም፣ ስሙኝ። በለቅሶ ቤት፣ በእድር ድንኳን ሥር የሚነሳው ጥያቄ ያው ነው፦ «የወንድሜ ልጅ በእኔ ስም በወጣ ንግድ ፈቃድ ይሠራል፤ እኔን ምን ይነካኛል?»

ይነካችኋል። የገቢዎች መሥሪያ ቤት የሚያውቀው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን (የቲኑን) ባለቤት ነው፤ ባንኮኒው ኋላ የቆመውን ልጅ አያውቀውም። ልጁ ደረሰኝ ሳይቆርጥ ሸጦ፣ የዓመቱን ገቢ ሳያሳውቅ ከርሞ ቢጠፋ፣ የግብር ውሳኔው የሚመጣው ወደ እናንተ ነው። ፈቃዳቸውን ለዘመድ ልጅ ያዋሱ አንዲት የማውቃቸው ወይዘሮ ባለማኅተሙን የውሳኔ ወረቀት የውኃ ቢል መስሏቸው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ከላይ የእሳቸው ሙሉ ስም፣ ከሥሩ ፍሬ ግብር፣ ቅጣት፣ ወለድ ተደርድሯል። «ልጁ ሲመጣ ያየዋል» አሉ። ልጁ ሲመጣ የቅሬታ ጊዜው አልፏል።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ለቅሬታ የሰጠው ጊዜ ውሳኔው ከደረሰ በኋላ 21 ቀን ነው። ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ማቅረብ የፈለገ ደግሞ ከተከራከረበት ግብር ግማሹን መክፈል አለበት። ከጡረታ ደመወዝ ይህን ማን ያወጣል? «ፈቃዱን ያዋስኩት ለዘመድ ነው» ማለትም አያድንም። በዚያው ዓመት የወጣው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980 ፈቃድን ለሌላ ማስተላለፍ ስለሚከለክል፣ መከላከያ ብላችሁ የተናገራችሁት ራሱ ጥፋትን ማመን ይሆናል።

ቤቱን በልጅ ስም ማድረግ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ ንብረት እንደ ገቢ ግብር እንዳይከፈልበት የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ደንግጓል። ታዲያ ብዙዎቻችን ያለ ምክንያት ፈርተን በሐሰት የሽያጭ ውል ዋጋ አሳንሰን እንጽፋለን፤ ያኔ ነው ችግሩ የሚጀምረው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ የሚጸናው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለግልጽ ኑዛዜ ባዘዘው ሥርዓት ሲደረግ ነው። ቤቱ የጋራ ከሆነ ደግሞ የባል ወይም የሚስት ፈቃድ ያስፈልጋል። በተስፋ ቃልና በሽማግሌ ፊት የተሰጠ ቤት ክስ እንጂ ካርታ አይወልድም።

«ስሞት ዕዳዬን ልጆቼ ይከፍላሉ?» ትሉኛላችሁ። ከራሳቸው ኪስ አይከፍሉም፤ የሚከፈለው ከውርሱ ነው። ግን አስቀድሞ የቀብር ወጪ፣ ከዚያ ውርሱን የማጣራት ወጪ፣ ከዚያ ዕዳ ይነሳል። ልጆች የሚካፈሉት የተረፈውን ነው፤ ለእነሱ ያሰባችሁት ሱቅ በማታውቁት የግብር ዕዳ ሊያልቅ ይችላል።

የማትሠሩበት ፈቃድ ካለ ዝም አትበሉት፤ ፈቃዱ እስካልተመለሰ ድረስ በየዓመቱ ገቢ ማሳወቅ ይጠበቅባችኋል። እግራችሁ ሳይደክም ራሳችሁ ሄዳችሁ መልሱት፣ ከግብር ዕዳ ነጻ መሆናችሁን የሚያሳየውን ክሊራንስ በእጃችሁ ተቀበሉ፣ ወረቀቱ የት እንዳለም ለልጃችሁ አሳዩ።